ሰውን ለማወቅ ተራራ ይዛችሁት ውጡ!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የት ትውላላችሁ? ካፌ! እሁድስ? ሌላ ካፌ! ሁለት ማኪያቶ፣ ሁለት ስልክ፣ ሁለት ጎንበስ ያለ አንገት። "ከእሱ ጋር ሁለት ዓመት ሆነን፤ በደንብ እንተዋወቃለን" የምትለዋን ልጅ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋት። የምታውቀው ማኪያቶውን በስንት ስኳር እንደሚጠጣ ነው። ሲርበው፣ ሲበርደው፣ ሲደክመው፣ ሲፈራ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አይታው አታውቅም። የት ታየዋለች? ካፌ ውስጥ ማን ይበርደዋል?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር ምክር ሲጻፍ "ተነጋገሩ፣ ተመካከሩ" ይባላል። ጥሩ ነው። እኔ ግን ዛሬ አንድ ነገር ልጨምርበት ነው። ልታገቡት ያሰባችሁትን ሰው፣ ወይም "የልብ ጓደኛዬ" የምትሉትን፣ አንድ ጊዜ ተራራ ይዛችሁት ውጡ። ሽቅብ! ጫማ የሚቀድድ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ሌሊት ጥርስ የሚያፋጭ ተራራ። ሁለት ትርፍ አለው። አንዱ፣ አገራችሁን ታያላችሁ። ሁለተኛው፣ ሰውየውን ታያላችሁ።

የትኛው ተራራ?

ተራራ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሰሜን ነው። እውነትም ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተራ ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከዚያው ገደል ላይ ከሚዘለው ዋልያ ነው። ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ላየው የቀበሌ ስብሰባ ይመስላል። መከራም አይቷል። ከ1996 እስከ 2017 "በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ" ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በ2019 ሰደድ እሳት ሲነሳበት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነው የተረባረቡት። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት አለ። ስለዚህ ወደዚያ ያሰበ ሰው የመንገዱን ሰላም ከቦታው ሰው ሳያጣራ ቦርሳውን አያንሳ። ጀብዱና ሞኝነት ለየቅል ናቸው።

ለዛሬው ያሰብኩላችሁ ግን ባሌ ነው። እኔ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አምስተኛውን ደግሞ እየቆጠብኩ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከአዲስ አበባ በአሰላና በዶዶላ አድርጋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ዲንሾ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። በመንገድም ቢሆን እንደማንኛውም አገር ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሳንቲሙ ላይ ያለው እንስሳ

ዲንሾ ሳትደርሱ ጋይሳይ የሚባል ሜዳ አለ። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ይይዛል። "ምንድን ነው?" ትላላችሁ። መንገዱ ዳር ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ግርማው ንጉሥ የሚያስመስለው ትልቅ እንስሳ ቆሞ ያያችኋል። የደጋ አጋዘን ነው፤ ኒያላ የምንለው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም የለም። እዚህ ግን አዲስ አይሆንባችሁም፤ በልጅነታችን ከረሜላ የገዛንበት ባለ 10 ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው። ስንት ዓመት ኪሳችን ውስጥ ይዘነው ዞርን፤ በአካል ያየነው ስንቶቻችን ነን?

ከዲንሾ ሮቤን አልፋችሁ ጎባ፤ ከጎባ ሽቅብ ወደ ሰነቲ ነው። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ቀጥሎ አምጃ፣ ከዚያ አስታ። እየወጣችሁ ስትሄዱ ዛፉ እያጠረ፣ ሰማዩ እየቀረበ ይመጣል። በመጨረሻ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሰፊ አምባ ላይ ትወጣላችሁ። ነፋስ፣ ደመና፣ ትንንሽ ሐይቆች፣ ዝምታ! "እንደ ጅብራ ተገተረ" የምንለውን አባባል ትርጉም ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሰው ቁመት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን አበባ ተሸክሞ ብቻውን፣ ምንም ሳይወዛወዝ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። በዕድሜው አንዴ ነው የሚለብሰው፤ እንደ ሙሽራ።

ቀይ ቀበሮም እዚያ ነው ያለው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ልብ በሉ፤ በአንድ ሰርግ አዳራሽ ከሚገባ ሰው ያንሳሉ ማለት ነው! ባሌ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቀዋል። ቀን ቀን ለየብቻ ያድናሉ፤ ጠዋትና ማታ ግን ተሰባስበው ድንበራቸውን ይዞራሉ። ሥራ ለየብቻ፣ ቤት በጋራ! ትዳር ላይ ላላችሁ ትምህርት ነው።

ይህ ቀዝቃዛ አገር ለሰው አይመችም ብላችሁ እንዳታስቡ። ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ላይ፣ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል። ምን ይበሉ ነበር? ያንኑ ፍልፈል ጠብሰው! እኛ ጀኬት ለብሰን "በረደኝ" እንላለን።

ሰነቲን አቋርጣችሁ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ የሀረና ደን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከብርድ አገር ወደ ጭጋግና ወደ ጫካ። ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለባቸው ያረጁ የአስታ ዛፎች፣ ከታች ቀርከሃ፣ ከዚያም በታች ማንም ሳይተክለው የበቀለ የጫካ ቡና። ቀፎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። የሀረናን ማር ያልቀመሰ ሰው ስለ ማር ባያወራ ይሻላል።

ነገሩ ወዲህ ነው

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ከእኔ ጋር አንድ ጥንዶች ነበሩ። ልጅቷ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ እንደ እህት ነው የማያት። ልጁ እጮኛዋ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ አዳራሽ ቀብድ ተከፍሎለታል። ጉዞውን ያሰበችው እሷ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ስትቆጥብ ቆይታ "ከሰርጉ በፊት አንድ ጊዜ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ አብረን እንቁም" ብላ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ 4,377 ሜትር። የሚገርመው መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል።

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ተጫዋች፣ ለጋስ፣ ሰው አክባሪ። ካፌ ውስጥ እንከን አይወጣለትም። ዲንሾ ባደርንበት ማታ ግን አስጎብኚያችን "ዛሬ መጠጥ ይቅር፤ ውሃ ጠጡ፤ በጊዜ ተኙ" ሲሉን እሱ ሳቀ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ የደጋ ልጅ ነኝ" አላቸው። ከሌሎች እንግዶች ጋር እሳት ዳር አረቄ ሲጠጣ አመሸ። አስጎብኚው የዚያው አካባቢ ተወላጅ ናቸው፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቁጥብ ሰው። ሁለተኛ አልተናገሩትም።

ጠዋት ቁርስ አልበላም። "አልራበኝም" አለ። ከጎባ ሽቅብ ስንጀምር ዝም አለ። ተጫዋቹ ልጅ ዝም! "አመመህ እንዴ?" ስትለው "ምንም አልሆንኩም" አለ። ሰነቲ ላይ ቀበሮ አይተን ሁላችን ስንወርድ እሱ መኪና ውስጥ ቀረ። ተመልሰን ስናየው በር ከፍቶ እያስመለሰው ነው። "የትናንቱ አረቄ ነው፤ ይለቀኛል" አለ። ጫፉ ከፊታችን ይታያል። ሃያ ደቂቃ ቢቀረን ነው።

ጋሼ ወረዱ። "ና እስቲ፤ እዚህ መስመር ላይ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ቀጥ ብለህ ተራመድልኝ" አሉት። ቀልድ መስሎት ፈገግ እያለ ጀመረ። በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። ደገመው፤ አሁንም ሄደ። ሰውየው ወደ እኛ ዞረው "ይሄ አረቄ አይደለም። እንውረድ" አሉ።

ልጁ ተቆጣ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። "ሰው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ይመለሳል? ለራስ ምታት? እኔ ወንድ አይደለሁም እንዴ?" አለ። ሁላችንም ልጅቷን አየናት። ዓመት ሙሉ የቆጠበችው እሷ ናት። ጫፉን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሹፌሩን "አዙረው" አለችው። በቃ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ጎባ እስክንደርስ አንድ ሰው አልተነፈሰም። ወደ ታች ስንወርድ ፊቱ ቀለም እየያዘ መጣ። ጎባ ሆስፒታል ወሰድነው። የመረመረው ሐኪም "መውረዳችሁ ነው መድኃኒቱ፤ እዚያው ቆይቶ ቢሆን ወሬው ሌላ ነበር" አለን። ማታ ተሻለው፤ በላ፤ ጠጣ። ከተሻለው በኋላ የመጀመሪያው ንግግሩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ሰው ፊት አሳፈርሽኝ።"

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ልጅቷ መጣችብኝ። አላለቀሰችም። "የቀረው ጫፍ አላናደደኝም" አለችኝ። "ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ እያመመው አጠገቤ ተቀምጦ አልነገረኝም። ነገ ሥራ ቢያጣ አይነግረኝም። ብድር ውስጥ ቢገባ አይነግረኝም። ተራራው ላይ መኪና ነው ያዞርኩት፤ ኑሮ ላይ ምኑን አዞራለሁ?"

ምን እላታለሁ? "ራሱን ጠይቂው" አልኳት። ጠየቀችው። ሰርጉም ለጊዜው ተላለፈ። ዘመድ ተንጫጫ፣ ቀብድ ተበላ። ከአንድ ወር በኋላ እሱ ራሱ ቡና ጋበዘኝና እንዲህ አለኝ፦ "እኛ ቤት ወንድ አመመኝ አይልም። አባቴ ጨጓራው ደምቶ ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ ቁርጠት እንዳለበት እናቴ አታውቅም ነበር። እኔ ሌላ አላየሁም፤ ግን እየለመድኩ ነው።" እየለመድኩ ነው የሚለው ቃል ደስ አለኝ። ተጋቡ ወይስ ተለያዩ? አልተጋቡም፤ አልተለያዩምም። በመጪው ኅዳር ተመልሰው ሊወጡ ነው። ውላቸው አንድ ብቻ ነው፤ ራሱን ያመመው ቀድሞ ይናገራል፤ ማንም ይናገር ሁለቱም ይወርዳሉ።

ጉራ እና አየር

ጎበዝ፣ ይህን ክፍል ቆርጣችሁ አስቀምጡት። አዲስ አበባ ላይ የምንተነፍሰው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው 75 በመቶ ገደማ ነው። ሰነቲ ላይ 60 በመቶ ገደማ ይሆናል። "የደጋ ልጅ ነኝ" ማለት ትንሽ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። የተራራ ሕመም ጎበዝና ሰነፍ አይለይም፤ ስፖርተኛውንም ይጥላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ሕጉ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ምልክቱ ከታየ ከዚያ በላይ አትውጡ። አርፋችሁ ካልተሻላችሁ ውረዱ።

ሁለተኛ፣ ሰው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ክርክር የለም። በዚያችው ደቂቃ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ሐኪም! እንዲህ ያለው አንጎል ወይም ሳንባ ላይ ውሃ ሲቋጥር ነው፤ ይገድላል። ብቻውን "አንተ እዚህ ጠብቀን" ብላችሁ ደግሞ አትተዉት።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን አትሩጡ። ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ፤ ሰነቲን ቀን አይታችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ተኙ። በእግር የምትጓዙ ከሆነ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታችሁን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ።

አራተኛ፣ አልኮል ለጉዞው መጨረሻ ይቆይ።

ምን እንያዝ?

ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ወፍራም ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ። ጋቢ አትርሱ፤ ከጋቢ የተሻለ ብርድ ልብስ አላየሁም። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትውጡበት፤ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ አላምዱት። ፀሐዩ ሳይሞቃችሁ ያቃጥላችኋል፤ ክሬምና ባርኔጣ ያዙ። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ። ጭኮ ካገኛችሁማ ሌላ አትፈልጉም፤ ገብስና ቅቤ ነው፤ አንድ ማንኪያ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። የመግቢያውን፣ የአስጎብኚውንና የፈረሱን ሒሳብ እዚያው ዲንሾ ጠይቁ፤ አስጎብኚ ላይ ግን አትቆጥቡ። የእኛን ልጅ ያተረፈው የጋሼ ዓይን ነው።

ሌላም አደራ አለኝ። እዚያ ሰው ይኖራል፤ ከብት ያግዳል፤ ይታገላል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ። ላስቲክና ጠርሙስ ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ውረዱ። አስታ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው፤ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ውሻችሁን ደግሞ ቤት ተዉት። ቀይ ቀበሮን በገፍ የጨረሰው ከውሻ የተሻገረ በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ ገብቷል። የቀበሮው ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 ተጀምሮ የመንደር ውሾችን ሲከትብ ኖሯል። እናንተ የከተማ ውሻ ይዛችሁ ሄዳችሁ ያንን ልፋት ገደል አትክተቱት።

በሉ እንግዲህ። የአንድ ወር የማኪያቶ ሒሳባችሁን ደምሩት፤ የዲንሾ ትራንስፖርት ሳይወጣው አይቀርም። ያቺን የምታውቋትን፣ ያንን የምታውቁትን ሰው ይዛችሁ ውጡ። ጫፉ ላይ ብትደርሱ ደስ ይላል፤ ባትደርሱም ተራራው የትም አይሄድም። ብቻ ሲያማችሁ ተናገሩ።

ቸር ይግጠመን!